አዲሷ አውቶማቲክ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች፣ የሚያውቅ ሰው አስቸኳይ!

የቀይዋ ባለቤት፦ ወገን አስቸኳይ ነው። ጎንደር፣ ወደ ጎሃ ሆቴል የሚያወጣው ዳገት ላይ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ያለው ሚኒባስ ቆመ፣ እኔም ቆምኩ። ልነሳ ስል ወደ ኋላ መንሸራተት! ቤንዚን ስሰጣት ትንሽ ታቃስትና መልሳ ትንሸራተታለች። አሁን ደግሞ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ከመሪው ጀርባ ክሩስኮቱ ላይ የማርሿ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል፣ የሆነ ነገርም ጢጥ ጢጥ ይላል። መኪናዋ አዲስ ናት፣ የወንበሯ ፕላስቲክ እንኳ አልወለቀም። ለጥምቀት የመጡ እንግዶች ይዣለሁ። ከኋላዬ ባጃጅ ተለጥፏል። ምን ላድርግ?

በቪትዝ ያደገ፦ ቪትዝ ግዛ ተብለህ ነበር አይደል።

ፎሌ፦ ምን መኪና ነው? ሳትነግረን እኛ ጠንቋይ ነን? ማኑዋል ከሆነ ፍሪሲዮንህ አልቋል።

የቀይዋ ባለቤት፦ ርዕሱ ላይ አውቶማቲክ ብያለሁ እኮ! ትንሿ የህንድ ስሪት፣ 1,200 ሲሲ።

መምህሩ፦ ወንድሜ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ አይደለም የሚበላው፣ አየርም ይፈልጋል። ተርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ የሚያስገባ ዕቃ፣ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ወረቀቱ ላይ 80 የፈረስ ጉልበት ከተባለ አንተ ጋ የቀረው ከ65 አይበልጥም። በዚህ ላይ አምስት ሰው፣ ሻንጣ፣ ኤሲ ስትጨምርበት እንግዲህ...

ቁልቁለት፦ መምህር፣ ሰው ዳገት ላይ ተንጠልጥሎ ትምህርት አስጀመሩት።

የቀይዋ ባለቤት፦ ወንድሜ አትበሉኝ፣ እህታችሁ ነኝ። ኤሲውን አጥፍቻለሁ። ፍሬን ረግጬ ነው ያለሁት፣ እግሬ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። አማቴ ከኋላ ሆነው ያማትባሉ።

የአዘዞ መካኒክ፦ እህቴ ስሚኝ፣ ሌላውን ሁሉ ተይው። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳቢው። ማርሹን ፎሌ አድርጊው፣ ኤን ላይ ማለቴ ነው። ሰዎቹ ይውረዱና አንዱ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ታኮ ያድርግ። ባጃጁን ዞር እንዲል ንገሩት። ሞተሩን አታጥፊ፣ ፎሌ ላይ እንዳለ ይሥራ፣ ቤንዚን መስጫውን ግን እንዳትነኪ። የሚሸተው ፍሪሲዮን ነው፣ ጢጥ ጢጡም ሞቄያለሁ ማለቱ ነው። ቀይ የሙቀት መብራት ከበራ ወይም ከኮፈኑ ጭስ ከወጣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ አጥፊና ሁላችሁም ራቁ።

ፎሌ፦ ስሜ ሲጠራ ሰምቼ ተመለስኩ። አውቶማቲክ ላይ ፍሪሲዮን የለም! ሰው አታደናግር።

የአዘዞ መካኒክ፦ ይቺ ላይ አለ። አውቶማቲክ ትባል እንጂ ውስጧ ማኑዋል ናት። ካምቢዮዋ ያው የምናውቀው ተራ ካምቢዮ ነው፣ የፍሪሲዮን ዲስክም አላት። የጎደላት ፔዳሉ ብቻ ነው። በእግር ፋንታ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ዕቃ ፍሪሲዮኑን ይረግጣል፣ ማርሹንም ይቀይራል። ዋናው አውቶማቲክ ጉልበቱን የሚያስተላልፈው በዘይት ነው፣ ስለዚህ ፍሬን ሲለቀቅ ወዲያው ወደ ፊት ይገፋል። ይቺ ግን ፍሪሲዮኑ እስኪይዝ ድረስ ትዘገያለች። የምትንሸራተተው በዚያች መሐል ነው። ሹፌሩ ደንግጦ በስሱ ቤንዚን እየሰጠ ዳገት ላይ ሊያቆማት ሲሞክር ደግሞ ዲስኩ ግማሽ ይይዝና ግማሽ ይለቃል፣ ይፋተጋል፣ ይግላል። እህታችን ያሸተተችው እሱን ነው። ጋራዥ ለሚመጡት ሁሉ የምነግረው ይህንኑ ነው፣ ግን የሚሰማኝ ዲስኩ ከተበላ በኋላ ነው።

ፎሌ፦ እሺ ዛሬ ተምሬያለሁ።

ነገረኛው፦ እኔ ጥያቄው ራሱ ልክ አይመስለኝም። መኪናዋ አልተበላሸችም፣ የተሠራችው እንደዚያ ነው። በርካሽ አውቶማቲክ ካላችሁ የሚመጣው ይህ ነው። ቤንዚን ስትቆጥብ ጎበዝ ትሏታላችሁ፣ ዳገት ላይ ስትንሸራተት ተበላሸች ትላላችሁ። የምትቆጥበውም በዚሁ ካምቢዮ ምክንያት ነው እኮ።

የቀይዋ ባለቤት፦ ወንድምዓለም፣ ሲሸጡልኝ አውቶማቲክ ነው ያሉኝ። ገንዘቤን የከፈልኩት ከፍሪሲዮን ጋር ላለመታገል ነው። ክርክሩን ሜዳ ላይ ስደርስ እቀጥልልሃለሁ። ሰዎቹ ወርደዋል፣ ታኮ ተደርጓል። ሽታው ቀንሷል። እንዴት ነው የምነሳው?

ቁልቁለት፦ የእጅ ፍሬኑን ሳቢ።

በቪትዝ ያደገ፦ ተብሏል፣ ተስቧል፣ አልፏል።

የአዘዞ መካኒክ፦ ገና አትነሺ። ጢጥ ጢጡ ይቁም፣ ምልክቱም ብልጭ ድርግም ማለቱን ይተው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ከሩብ ሰዓት ያላነሰ ታገሺ። እንግዶቹ እስከ ሜዳው በእግር ይውጡ፣ ክብደቱ ይቀንስልሽ። ስትነሺ እግርሽ ፍሬን ላይ፣ የእጅ ፍሬኑም እንደተሳበ ሆኖ ማርሹን ኤም ላይ፣ በእጅ መቀየሪያው ማለቴ ነው፣ አድርጊ፣ ክሩስኮቱ 1 ማሳየቱን እይ። ከዚያ እግርሽን ወደ ቤንዚን አሻግሪና ጠንከር አድርገሽ ስጪ። መኪናዋ ወደ ፊት ስትገፋ ይሰማሻል፣ የኋላዋ ዝቅ ይላል። ያኔ የእጅ ፍሬኑን ልቀቂ። ከተነሳሽ አታመንቺ። መሐል ላይ ካቆምሽ በፍሬን እንጂ በቤንዚን አትያዣት። ድንጋዩንም ከመንገድ የሚያነሳ ሰው ይኑር፤ ታኮውን ጥላችሁ ከሄዳችሁ ማታ ሞተር ሳይክል ይወድቅበታል።

መምህሩ፦ ከተጨማሪ ግንዛቤ አንጻር፣ አንዳንዶቹ ሞዴሎች ፍሬን ሲለቀቅ ለሁለት ሰከንድ ያህል መኪናውን ይዞ የሚያቆይ ሲስተም አላቸው። ርካሹ ሞዴል ላይ ብዙ ጊዜ አይኖርም። ገዢ ሁሉ ስለ ሬዲዮው ስክሪን ሲጠይቅ ይህን አይጠይቅም።

ቁልቁለት፦ ይቺ እንኳ ጥሩ ናት መምህር።

የቀይዋ ባለቤት፦ እሺ፣ እየጠበቅኩ ነው። አማቴ ከእንግዲህ በእግር ይሻለኛል ብለው መንገድ ጀምረዋል። ቆይ፣ ነዳጁ ሁለት መስመር ነበር፣ አሁን አንድ ሆነ! ይፈሳል እንዴ? ስልኬ ሊዘጋ ነው ቶሎ በሉ።

በቪትዝ ያደገ፦ አይፈስም እቴ። ታንከሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ከመኪናዋ ጋር ስለተንጋደደ ነው። ሜዳ ስትደርሺ መስመርሽ ይመለሳል። ለማንኛውም ጎንበስ ብለሽ ከሥር እይ፣ እርጥብ ካልሆነና ቤንዚን ካልሸተተ ሰላም ነው። ቪትዝም እንዲህ ያደርጋል፣ እኛ ግን አናወራውም።

ነገረኛው፦ በአንድ መስመር ነዳጅ ለጥምቀት እንግዳ ይዞ ዳገት መውጣትስ?

ፎሌ፦ አንተ ሰውዬ ዝም አትልም? እህታችን፣ ወጣሽ?

ቁልቁለት፦ ስልኳ ተዘግቶ ይሆናል።

ማራኪ ሠፈር፦ እዚሁ ካላችሁ እኔም ልጠይቅ። የእኔም እንደሷ ናት፣ ያለ ፍሪሲዮን ፔዳል። ፒ የሚባል የማቆሚያ ማርሽ የላትም። ቤታችን በር ላይ ቁልቁለት ነው፣ ሌሊት በእጅ ፍሬን ብቻ ትቼያት እንቅልፍ አይወስደኝም። አንዳንድ ቀን ደግሞ ቁልፉን ባዞር ባዞር አትነሳም። ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ መብራት ይበራል፣ ቴርሞሜትር ይመስላል። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ከኋላ ይንኳኳል። መልሳችሁ ጋራዥ ሂድ ከሆነ ተዉት፣ ሄጃለሁ።

የአዘዞ መካኒክ፦ ሰማያዊው ሞተሩ ገና አልሞቀም ማለት ነው። ትንሽ ስትሄድ ይጠፋል፣ እስኪጠፋ ድረስ አታስጩሃት። የሚያስፈራው ቀዩ ነው። ስታቆም እግርህ ፍሬን ላይ እያለ ማርሽ አስገብተህ ሞተሩን አጥፋ፣ አፍንጫዋ ወደ ቁልቁለት ከሆነ ሬትሮ፣ ወደ ዳገት ከሆነ አንደኛ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ሳብ፣ ጎማዋንም ብትንሸራተት የመንገዱ ጠርዝ እንዲይዛት አድርገህ አዙር። ማርሹ መግባቱን ክሩስኮቱ ላይ አይተህ ውረድ። አንዳንድ ቀን አልነሳም የምትለው ሳታውቀው ማርሽ ውስጥ እያለች አጥፍተሃት ይሆናል። ፍሬን ረግጠህ ኤን አድርጋት፣ ትነሳለች።

ማራኪ ሠፈር፦ አቤት! ባትሪ ሊያስቀይሩኝ ነበር እኮ። የሚንኳኳውስ?

በቪትዝ ያደገ፦ የኋላውን በር ስትዘጋ ታርጋህ ካንኳኳ እሱ ነው። ፈትተህ ከጀርባው ቀጭን ስፖንጅ ለጥፍና መልሰህ እሰረው። ካልሆነ ትርፍ ጎማው ሥር ያለውን ክሪክ እይ፣ ማሰሪያው ላልቶ ይሆናል።

ማራኪ ሠፈር፦ ክሪኩ ነው! ማሰሪያው ጭራሽ ላልቷል።