በገበያ የምታሰላውን በደብተር «አልችልም» ለምትል ተማሪ

በደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ የ4ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። አንዲት ተማሪዬ በገበያ ቀን እናቷን ሽንኩርት በመሸጥ ስታግዝ የሁለት ኪሎ ተኩሉን ዋጋ በቃሏ አስልታ መልሱን ትቆጥራለች፤ ያው ስሌት በደብተር ሲመጣባት ግን ጽፋ ታጠፋለች፣ ገጹ በላጲስ ብዛት እስኪቀደድ ድረስ፣ ከዚያም «ሒሳብ ለእኔ አይሆንም» ብላ እርሳሷን ታስቀምጣለች።

በመጀመሪያ «ጎበዝ ነሽ» እያልኩ አበረታታኋት፤ አንገቷን ደፋች። ከጎበዝ ተማሪ ጎን ሳስቀምጣት መገልበጥ ጀመረች፤ ይህ የእኔ ስሕተት ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ «እችላለሁ» የሚለው እምነት ከሁሉ በላይ የሚጠነክረው ራስ ሠርቶ በተገኘ ስኬት መሆኑን ስላስረዳ፣ ቀለል ያሉ 10 ጥያቄዎች ሰጠኋት። ዘጠኙን በትክክል ሠርታ ሳለ «ቀላል ስለሆኑ ነው እንጂ» አለችኝ። ጥያቄውን ባከብደው ደግሞ ገና ሳትሞክር ትተወዋለች።

በክፍሌ 62 ተማሪዎች ስላሉ ለብቻዋ የምሰጣት ጊዜ በቀን ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። በዚህች ጊዜ የገበያውን ችሎታዋን ወደ ደብተሩ አሻግሬ፣ ያገኘችው ውጤት የራሷ መሆኑን እንድትቀበል ጥያቄዎቹን በምን ቅደም ተከተል ላቅርብላት?