ጥያቄ፦ ቀዩ ዴኬ ተጋጣሚዬ 2 ነጥብ ሲቀረው ለምን ይቆማል?

ዳገቱ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለውን የካርድ ጨዋታ ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው። የምጫወተው ፖፐር የሚባለውን ዓይነት ነው፤ ኮመን (በብዛት የሚገኙ ተራ ካርዶች) ሆነው የታተሙ ካርዶች ብቻ ስለሚፈቀዱበት ኪሴ የሚችለው እሱን ነው። አርብ ማታ ሰፈሬ ያለው የካርድ ሱቅ ሄጄ እወዳደራለሁ።

ዴኬ (የምጫወትባቸው 60 ካርዶች) ሙሉ በሙሉ ቀይ ነው፦ 24 ላንድ (ማና፣ ማለትም ሌሎቹን ካርዶች ማውጫ ኃይል የሚሰጡ)፣ 4 ሞናስተሪ ስዊፍትስፒር (ባለ 1 ማና ፍጡር)፣ ተጋጣሚን በቀጥታ የሚመቱት ላይትኒንግ ቦልት፣ ቼይን ላይትኒንግና ላቫ ስፓይክ አራት አራት፣ ባለ 2 ማና ፍጡራን 12፣ ባለ 3 ማና 4፣ ባለ 5 ማና ግዙፎች 4።

ያለፈውን አርብ ልንገራችሁ። አራተኛው ተራ ላይ ተጋጣሚዬ 2 ነጥብ ቀርቶታል። እጄ ላይ ያሉት ሁለት ባለ 5 ማና ግዙፎች ናቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለኝ 3 ላንድ። አንዲት ቦልት ብትመጣልኝ አለቀ። ብስብ ላንድ፣ ብስብ ላንድ። አምስተኛው ላንድ ላይ ግዙፉን ባወርደው ካውንተርስፔል በሚባል ካርድ ሻረብኝ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው የሱ ሆነ። ይሄ አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ዕድል ነው እል ነበር፤ ግን ሁልጊዜ 2 ወይም 3 ሲቀር ነው የምቆመው። ምን ላስተካክል?

ቀይ ማውንቴን (ቶሮንቶ)፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አስቸኳዩን ልንገርህ። ስዊፍትስፒር ፖፐር ላይ ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ታግዳለች። ማንም ሳይነግርህ ስትጫወት ከርመህ ከሆነ ከሚቀጥለው አርብ በፊት አውጣት። ኩልዶታ ሪበርዝ የሚባለውን ካርድም እንዳትገዛ፤ እሱ ደግሞ መጋቢት 2025 ታግዷል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ቁጥሩን አብረን እንቁጠር። ተጋጣሚህ የሚጀምረው በ20 ነጥብ ነው። ቦልት፣ ቼይን፣ ስፓይክ እያንዳንዳቸው 3 ይመታሉ፤ ስለዚህ ሰባት እንደነሱ ያሉ ካርዶች ያስፈልጉሃል። ቀድመህ ከጀመርክ እስከ አራተኛው ተራህ የምታየው 10 ካርድ ነው፦ ሰባቱ የመጀመሪያው እጅህ፣ ሦስቱ የሳብካቸው። 24 ላንድ ካለህ ከነዚህ ከ10ሩ በአማካይ 4ቱ ላንድ ናቸው። የቀሩት 6 በ3 ሲባዙ 18። ያቺ የምታቃጥልህ 2 ነጥብ እዚህ ጋ ናት! ላንዱን ወደ 18 ብታወርደው ከ10ሩ 7ቱ የሚመቱ ካርዶች ይሆናሉ፣ 21 ይመጣል። ባለ 5 ማናዎቹማ በአራተኛው ተራ እጅህ ላይ የሞቱ ካርዶች ስለሆኑ ሂሳቡን ከዚህም በታች ያወርዱታል።

ሁለተኛው ነገር የመጀመሪያው ተራ ነው። ባለ 1 ማና ፍጡር 4 ብቻ ካለህ መጀመሪያ ከምትስባቸው 7 ካርዶች ውስጥ አንዱን የማግኘት ዕድልህ 40 ከመቶ ነው። 12 ካደረግካቸው 81 ከመቶ ይሆናል። አንደኛው ተራ ላይ የወረደ ፍጡር እስከ አራተኛው ሦስት ጊዜ ይመታል፤ በሁለተኛው ተራ የወረደ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ።

ይሄ አዲስ ሐሳብ እንዳይመስልህ። 1996 አትላንታ ላይ ፖል ስላይ የተባለ ተጫዋች ደካማ በሚመስሉ ርካሽ ቀይ ካርዶች የውድድሩ ሁለተኛ ወጣ። የዴኩ ሐሳብ የጄ ሽናይደር ነው፤ ማናውን በየተራው አንድም ሳይባክን መጨረስ። ዛሬ ማና ከርቭ (የካርዶችን የማና ዋጋ በየተራው ማመጣጠን) የምንለው ከዚያ ነው የተስፋፋው።

እኔ ብሆን እንዲህ እሠራዋለሁ፦ ላንዶቹ ማውንቴን 14ና ግሬት ፈርነስ 4፣ ፍጡራኑ ጎብሊን ቱም ሬይደር፣ ቮልዳረን ኤፒኪዩር፣ ጊቱ ላቫረነርና ተርሞ አልኬሚስት አራት አራት፣ በቀጥታ የሚመቱት ቦልት፣ ቼይን፣ ስፓይክ፣ ሪፍት ቦልት፣ ስኪወር ዘ ክሪቲክስና ፋየርብላስት አራት አራት። 58 ሆነ። የቀሩትን ሁለት ቦታዎች እየሞከርክ ትሞላቸዋለህ።

የሰኞ ልጅ (ፍራንክፈርት)፦

ቀይ ማውንቴን ያለው ሂሳብ ልክ ነው፣ በዝርዝሩ ላይ ግን አንድ ነገር አልስማማም። ቱም ሬይደር ጉልበት የሚኖረውና ወዲያው የሚያጠቃው አርቲፋክት (ዕቃን የሚወክል የካርድ ዓይነት) ጠረጴዛህ ላይ ካለህ ነው። በዚህ ዴክ አርቲፋክት የሚሰጡህ ፈርነስና ኤፒኪዩር፣ በድምሩ 8 ካርድ ናቸው። ከስምንቱ አንዱ የመጀመሪያው እጅህ ላይ የመገኘት ዕድሉ 65 ከመቶ ነው። ከሦስት ጨዋታ በአንዱ ያ ጎብሊን 1 ብቻ የሚመታ፣ ቆሞ የሚጠብቅ ፍጡር ይሆንብሃል።

ፈርነስን እንዳትጨምር ደግሞ ተጠንቀቅ፤ ፋየርብላስት በነጻ የሚወጣው ሁለት ማውንቴን ሲሠዉለት ነው፣ ፈርነስ ደግሞ ማውንቴን አይደለም። እኔ ራሴ የመጨረሻውን 4 ነጥብ ልመታ ፋየርብላስት ይዤ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ማውንቴንና ሁለት ፈርነስ ተቀምጠው ተሸንፌያለሁ። ያን ቀን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር ካርዶቼን የሰበሰብኩት።

ጉልላት (አዲስ አበባ)፦

ስለ ዴኩ ከኔ የተሻሉ ተናግረዋል። እኔ ስለ መሞከሩ ልጨምር፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። እኔና ጓደኞቼ ካርድ ከመግዛታችን በፊት ስሙን ወረቀት ላይ ጽፈን የተራ ካርድ ፊት ላይ እንለጥፋለን። በይፋ ውድድር አይፈቀድም፣ ቤት ውስጥ ግን ገንዘብ ያድናል።

መጀመሪያ ብቻህን ተቀመጥ። በውዝ፣ 7 ሳብ፣ ተጋጣሚ እንዳለ አድርገህ ተጫወት፣ 20 ነጥብ መትተህ የጨረስከው በስንተኛው ተራ እንደሆነ ደብተር ላይ ጻፍ። ሃያ ጊዜ ድገመው። ከዚያ በኋላ ነው ከሰው ጋር።

ከሰው ጋር ስትጫወት ደግሞ አሥር ጨዋታ አይቶ ዴክ መቀየር አይገባም። ግማሽ በግማሽ የሚያሸንፍ ዴክ እንኳ ከ10 ጨዋታ 7ና ከዚያ በላይ የማሸነፍ ዕድሉ 17 ከመቶ ነው፤ ሰባቱን ያሸነፈው ዴኩ ይሁን ዕድሉ አታውቅም። ስለዚህ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ጨዋታ ሲያልቅ እጅህ ላይ የቀረውን ካርድ ጻፍ። ያው ካርድ በተደጋጋሚ ሳይወጣ የሚቀር ከሆነ እሱን ነው የምትቀይረው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር።

አንድ ግጥሚያ ላይ ሳይድቦርድ (በጨዋታዎች መካከል የሚቀያየሩ ተጠባባቂ ካርዶች) ሳይገባ የምትጫወተው አንድ ጨዋታ ነው፤ ሳይድቦርድ ገብቶ ግን አንድ ወይም ሁለት። ስለዚህ ጓደኛህ ቀይን የሚከላከሉትን ሀይድሮብላስትና ዌዘር ዘ ስቶርም አስገብቶ ይጋጠምህ፤ አንተም ሰማያዊ ካርዶችን የሚሽረውን ፓይሮብላስትህን አስገባ። ቀይ ዴክ ሱቅ ውስጥ የሚሸነፈው በነዚያ ነው።

ዳገቱ (ጠያቂ)፦

አመሰግናለሁ፣ ከልቤ። እህቴ የሰኞ ልጅ፣ ቱም ሬይደርን ለጊዜው ሁለት አድርጌ የቀረውን ቦታ ሲሪንግ ብሌዝ ለሚባል ሌላ የሚመታ ካርድ ሰጠሁት። ደብተር ገዝቼ ብቻዬን ሃያ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ አሮጌው ዴክ ብዙውን ጊዜ የሚጨርሰው በስድስተኛው ተራ ነበር፣ አዲሱ በአምስተኛው፣ አንዳንዴም በአራተኛው። በጣም ደስ ብሎኛል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ላንዱ 18 ከሆነ ወዲህ እንዲህ ያለ እጅ ይመጣብኛል፦ 1 ማውንቴን፣ 2 ቦልት፣ ኤፒኪዩር፣ ስፓይክ፣ ሪፍት ቦልት፣ ፋየርብላስት። እይዘዋለሁ ወይስ እመልሰዋለሁ?

ቀይ ማውንቴን፦

ማን ቀድሞ እንደሚጀምር ይወስነዋል። በቀሩት 53 ካርዶች ውስጥ 17 ላንድ አለ። አንተ ቀድመህ ከጀመርክ እስከ ሁለተኛው ተራ የምትስበው አንድ ካርድ ብቻ ነው፣ ላንድ የመሆን ዕድሉ 32 ከመቶ፤ መልሰው። ሁለተኛ ከሆንክ ሁለት ካርድ ትስባለህ፣ 54 ከመቶ ይደርሳል። ከላንዱ በቀር እጅህ ያሉት ሁሉም ማለት ይቻላል በ1 ማና ስለሚወጡ እኔ ሁለተኛ ሆኜ እይዘዋለሁ። ከመለስከው 7 እንደገና ስበህ አንዱን ከስር ታስገባለህ፤ ያንን ስታደርግ ፋየርብላስትን አስቀድመህ ከስር አታስገባ፣ የመጨረሻውን 4 ነጥብ የምታገኘው ከሱ ነው።

የሰኞ ልጅ፦

እኔ ሁለተኛም ብሆን እመልሰዋለሁ፤ 54 ከመቶ ለኔ አይበቃኝም። ሁለታችንም የምንለውን ደብተርህ ላይ ለየብቻ ጻፍና ከሃያ እጅ በኋላ ንገረን።