«ተደፍሬ ነው» ማለቷ ብቻ ይበቃል?

ማስተዋል (አወያይ)፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ትናንት ስለ ውርጃ የጀመርነው ወሬ ወደ ስድብ ስለሄደ ዘግቼው ነበር፣ ዛሬ አንድ ነገር ላይ ብቻ እንከራከር። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ፅንስ ማቋረጥ የሚያስቀጣ ሆኖ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፣ ተደፍራ ወይም ከቅርብ ዘመድ ካረገዘች፣ ሕይወቷ ወይም ጤናዋ አደጋ ላይ ከሆነ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ችግር ካለበት፣ ልጅ ከሆነች ወይም በአካል በአእምሮ ለማሳደግ ካልቻለች። 552 ደግሞ ተደፈርኩ ላለች ሴት ቃሏ ብቻ በቂ ነው ይላል፣ ፖሊስ የለ ፍርድ ቤት የለ። ይሄ ይቆይ ወይስ ይነሳ?

ዲያቆኑ፦ ይነሳ። ሌላ የትኛው ወንጀል ነው ያለ ምስክር ያለ ምርመራ በአንድ ሰው ቃል የሚያልቀው? ኤርምያስን እግዚአብሔር ገና በሆድ ሳይሠራው አውቆታል፣ እኛ ግን አንድ ፎርም ሞልተን እንገላገለዋለን። ሁላችንም እናውቃለን ከፍቅረኛዋ ጋር ተጣልታ መጥታ ተደፈርኩ የምትል አለች። አረ በእናታችሁ፣ ለነፍስ ትንሽ ማስረጃ ቢጠየቅ ምን ይበዛበታል

አዋላጇ፦ ወንድሜ የምትለው ማስረጃ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፣ አንዷ መጣች የቤት ሠራተኛ ናት፣ በፌስታል አራት ዳቦ ይዛለች፣ ዳቦ ግዢ ተብላ ተልካ ነው የወጣችው። ካርድ እስኪወጣላት ሦስቴ ነው ስንት ሰዓት ሆነ ብላ የጠየቀችኝ፣ ፌስታሉን ወንበር ላይ አስቀምጪው ስላት እምቢ አለች ጭኗ ላይ አድርጋ ነው የተመረመረችው። የአሠሪዋ ልጅ ነው አለችኝ፣ ድምጿ አይሰማም። እና አሁን እኔ ሂጂና የፖሊስ ወረቀት አምጪ ልበላት? ማታ የምትተኛው እኮ እሱ ቤት ነው! ያን ቀን ብመልሳት ወደ ጣቢያ አትሄድም፣ የምትሄደው ሰፈር ውስጥ በጓሮ በር ወደሚያስገባው ሰውዬ ነው፣ ከዛ ደም እየፈሰሳት ትኩሳት ይዟት እኛው ጋ ትመጣለች፣ ማህፀኗ የወጣ ሁለት ልጆች አይቻለሁ ሁለቱም ሃያ ዓመት አልሞላቸውም

ዲያቆኑ፦ እህቴ እግዚአብሔር ይርዳት፣ የእሷ ያሳዝናል። እኔ ግን የማወራው ስለማይዋሹት ሳይሆን ስለሚዋሹት ነው

ጋሽ ጠበቃ፦ ውሸቱን ማን አስተማራቸው ብላችሁ ጠይቁ እስቲ። 550ን አንብቡት፣ ከባድ ድህነት ቅጣት ያቀልላል እንጂ አይፈቅድም። ስለዚህ የሁለት ልጆች እናት፣ ባል ጥሏት የሄደ፣ ልብስ አጥባ የምትኖር ሴት እውነቷን ከተናገረች ወንጀለኛ ናት፣ ተደፈርኩ ካለች ታካሚ ናት። በ1949ኙ ሕግ እኮ አንዱ ሐኪም በጽሑፍ አረጋግጦ ሌላ ሐኪም ደግሞ ካላጸደቀ አይሆንም ነበር፣ እና ውርጃ ቀረ? አልቀረም፣ ከሐኪሙ ነው የራቀው። ለኔ ሐቀኛው ነገር ድህነትን ዝርዝሩ ውስጥ በግልጽ አስገብቶ መከራከር ነው፣ የምትፈልጉ ተቃወሙ፣ ቢያንስ ማንም አይዋሽም።

አቡ ሱመያ፦ ጋሼ እዚህ ላይ አልስማማም። ቁርኣን ድህነትን ፈርታችሁ ልጆቻችሁን አትግደሉ ይላል፣ ግልጽ ነው። ስለ ሩህ፣ ማለትም ስለ ነፍስ ከሆነ በ120 ቀን ይነፋል የሚል ሐዲስ አለ፣ ከዛ በፊት ባለው ዑለማዎች አንድ አይደሉም፣ አንዳንዱ ለከባድ ምክንያት ያቀልላል አንዳንዱ ከ40 ቀን በኋላ በሩን ይዘጋል አንዳንዱ ጭራሽ አይሰማህም። የተደፈረችውን ግን ማስረጃ ብሎ ማንከራተት እኔም አልወደውም፣ ቃሏን ወላሂ ብላ ትስጥ፣ ውሸት ከሆነ ከአላህ ጋር ትተሳሰባለች

የሂውስተኗ፦ እናንተ ቃሏ ይበቃል አይበቃም ትላላችሁ፣ እኔ ያለሁበት ቴክሳስ በመላ አሜሪካ ውርጃን የፈቀደው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሮ ቪ ዌድ እ.ኤ.አ. በ2022 ከተሻረ ወዲህ ተደፍራም ቢሆን አይፈቀድም፣ ማስረጃ ብትይዝም ባትይዝም። መኪና ያላት ኒው ሜክሲኮ ድረስ ትነዳለች፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌላት መንገድ ላይ የኢሚግሬሽን ኬላ ስለምትፈራ ቁጭ ትላለች። የሚገርመው ቤተክርስቲያን ስንሄድ ኢትዮጵያ ተበላሸች እያሉ የሚያለቅሱ አሉ፣ አዲስ አበባ ያለችው ልጅ ከኔ ልጅ የተሻለ መብት እንዳላት የሚያውቅ የለም 😅

ዲያቆኑ፦ እሱ መብት ከተባለ። የእናቶች ሞት ቀነሰ ልትሉኝ ነው አይደል አሁን

አዋላጇ፦ ልልህ ነበር አዎ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 ወሊድ 871 እናት ነበር የሚሞተው፣ በ2016 ደግሞ 412። ሁሉም በዚህ ሕግ ነው አልልም፣ አምቡላንሱም የጤና ኤክስቴንሽኗም አለች። ግን ሴፕሲስ፣ ደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ይዟቸው የሚተኙበት አልጋ ድሮ ስንት እንደነበር ከኔ በፊት የሠሩትን ጠይቅ።

ዲያቆኑ፦ እሺ ቆይ፣ ያቺ ዳቦ ይዛ የመጣችው። ልጁስ ምን ሆነ? የአሠሪዋ ልጅ፣ የደፈረው?

አዋላጇ፦ እኔ ምኑን አውቄ። ስሙን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም፣ ሕጉም ጠይቂ አይለኝም። ዳቦዋን ይዛ እየሮጠች ወጣች።

ዲያቆኑ፦ እሱን ነው እኮ የምለው! እሱ ቁጭ ብሎ ይበላል

ጋሽ ጠበቃ፦ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ግን እሱን መያዝ የፖሊስ ሥራ ነው፣ የአዋላጅ አይደለም።