ቮልሴን ጠያቂው በዛ፣ ገዢው ጠፋ
አዳማ ነኝ። የአባቴን የ1972 ሞዴል ቮልስ ቴሌግራም ላይ ካወጣሁት ሁለት ወር ሆነኝ። 1300 ሲሲ፣ ኮድ 2፣ ሊብሬው በስሜ፣ ቦሎው የዘንድሮ። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ግራ ፓራፋንጎው ስር መዳፍ የሚያህል ዝገት አለ፤ እሱንም በፎቶ አቅርቤ አንስቼ ለጥፌዋለሁ።

መልእክት በሽ ነው። ግማሹ «የመጨረሻ ስንት?» ብሎ ይጠፋል። አንዱ ራዲያተሩ ያፈስ እንደሆነ ጠየቀኝ። የድሮ ቮልስ እኮ ራዲያተር የለውም፣ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው! ሌላው ከአዲስ አበባ እየመጣሁ ነው ብሎ ፖስታ ቤት ጋ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት አሰጣኝና ስልኩን ዘጋ። ዋጋ ስቀንስ ደግሞ ይባስ ተጠራጠሩ።

አሮጌ መኪና የሸጣችሁ፣ የምር ገዢውን ቀጠሮ ከመያዜ በፊት በምን ልለየው?