ክርክር፦ እናታችንን በቢዝነስ ክላስ ለመውሰድ የአየር መንገድ ማይል ይሻላል ወይስ የካርድ ነጥብ?

የፈረንጅ አራዳዋ፦
ጤና ይስጥልኝ የጅማ ልጆች። ቤታችንን ለሁለት የከፈለ ነገር አለ፣ እስቲ ፍረዱን። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ወንድሜ ሜሪላንድ ነው ያለው፣ በሚቀጥለው ዓመት ሊወስዳት አስቧል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ከ13 ሰዓት በላይ ነው። ኢኮኖሚ ላይ እግሯን አጥፋ ያን ያህል መቀመጥ አትችልም። የቢዝነስ ትኬት በካሽ መግዛት ደግሞ ከአቅማችን በላይ ነው። በካርድ በመገበያየት ወይም በመብረር በሚጠራቀም ነጥብ እንቁረጥላት ተባባልን፣ ጠቡ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። ታላቅ እህቴ ወንድማችን የአንድ አየር መንገድ ካርድ አውጥቶ የዚያን ማይል፣ ማለትም የአየር መንገዱን የራሱን ነጥብ ብቻ ያጠራቅም ትላለች። እኔ ደግሞ ወደ ብዙ አየር መንገድ የሚዛወር ነጥብ ያለው የባንክ ካርድ ይሻላል ባይ ነኝ። ወንበር የት እንደሚገኝ ከአሁኑ አናውቅማ! እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የቡና ነጋዴ፣ መርካቶ፦
እኔ ከታላቅ እህትሽ ጋር ነኝ። ስምንት ዓመት ጓንጁና ዱባይ ተመላልሻለሁ፣ ሁሌም በኢትዮጵያ አየር መንገድ። እያንዳንዷን በረራ ሼባማይልስ ላይ፣ የአየር መንገዱ የማይል ፕሮግራም ላይ፣ አስመዝግቤ ጎልድ የሚባለው ደረጃ ደርሻለሁ። ጎልድ ማለት ተጨማሪ ሻንጣ ነው፣ ላውንጅ ነው። ሁለቴ ደግሞ በማይሌ ከኢኮኖሚ ወደ ክላውድ ናይን፣ ወደ ቢዝነስ ክላሱ፣ አሳድጌ ሄጃለሁ። የባንክ ነጥብ ይህን ደረጃ አይሰጥሽም፣ ደረጃ የሚገኘው በመብረር ነው። ደግሞ ጅማ ላለነው ሰዎች ስለ ክሬዲት ካርድ ምን ያወራናል? የአብዛኞቻችን ካርድ ዴቢት ነው፣ ከኤቲኤም ብር ማውጫ። ማይል ግን እዚህ እየኖርንም በመብረር የምናገኘው ነገር ነው።

የጅማ ልጅ፣ ቨርጂኒያ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ለሚመላለስ ሰው እውነት ነው። እናታችን ግን የምትበረው አንዴ ነው። ደረጃ ምን ያደርግላታል? እሷ የምትፈልገው የሚዘረጋ ወንበር ነው። እኔ የጠያቂዋን እህታችንን፣ የባንክ ካርዱን ሐሳብ የምደግፈው በደንብ ስለማውቀው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የስታር አሊያንስ፣ አንዱ የሌላውን ማይል የሚቀበሉ አየር መንገዶች ኅብረት፣ አባል ነው። ስለዚህ የእሱን ወንበር በዩናይትድ ማይል ይቆርጡታል፣ በኤር ካናዳው ፕሮግራም በኤሮፕላንም፣ በኮሎምቢያው አየር መንገድ በአቪያንካ ፕሮግራም በላይፍማይልስም ይቆርጡታል። ቼስ የሚባለው የአሜሪካ ባንክ ነጥብ ወደ ዩናይትድና ወደ ኤሮፕላን ይዛወራል። የካፒታል ዋንና የአሜሪካን ኤክስፕረስ ነጥብ ደግሞ ወደ ኤሮፕላንና ወደ ላይፍማይልስ። አንድ ነጥብ አንድ ማይል ይሆናል። የአንድ አየር መንገድ ካርድ ይዘህ ያ አየር መንገድ ዋጋውን ከፍ ቢያደርግ ግን መሄጃ የለህም። ሌላው ደስ የሚለው ነገር፣ ነጥቡ የልጅ ሆኖ ትኬቱ በእናት ስም መቆረጥ ይችላል።

መምህር፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፦
የዋጋ ነገር ከተነሳ አንድ ልጨምር። ዱሮ ብዙ አየር መንገዶች ከዚህ እዚያ ይህን ያህል ማይል ብለው ሰንጠረዥ ያወጡ ነበር። የአሜሪካው ዴልታ እ.ኤ.አ. በ2015 አነሳው፣ ዩናይትድ በ2019። ከዚያ ወዲህ ዋጋው እንደ ቀኑ ነው። ሦስት ዓመት አጠራቅመህ ልትቆርጥ ስትል የሚጠየቀው ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ። በዚህ በኩል ባንክ ያለው ነጥብ ይሻላል፣ እስክትወስን ድረስ በእጅህ ነው።

ግን እህቴ፣ ወንድምሽን አንድ ነገር ጠይቂው፤ በካርዱ የሚያወጣውን በየወሩ ሙሉ በሙሉ ይከፍላል ወይ? አሜሪካ ውስጥ የክሬዲት ካርድ ወለድ ብዙ ጊዜ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። ከነጥቡ የሚገኘው ግን ከመቶ ሁለት ሦስት ብር ቢሆን ነው። ዕዳ ተሸክሞ ነጥብ የሚያጠራቅም ሰው ትኬቱን በእጥፍ እየገዛው ነው። ይህን ሳታረጋግጡ ካርድ አታስወጡት።

ትኬት ቆራጭ፣ አጂፕ፦
ሁላችሁም ስለ ካርድ ታወራላችሁ፣ ስለ ወንበሩ ግን ማንም አላነሳም። እኔ ሥራዬ ስለሆነ የማየውን ልንገራችሁ። አየር መንገድ በነጥብ የሚሰጠው የቢዝነስ ወንበር ጥቂት ነው። ለራሱ አባላት ከሚከፍተው ላይ ለአጋሮቹ የሚደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። አንድ ደንበኛዬ ነበሩ፣ ልጃቸው ውጭ ሆኖ ነጥቡን በሙሉ ከባንክ ወደ አንድ ፕሮግራም አዛወረላቸው። ከዚያ ወንበር ሲፈልግ የለም። የተዛወረ ነጥብ ወደ ባንክ አይመለስም። ሰውዬው በመጨረሻ በኢኮኖሚ ሄዱ፣ ነጥቡም እዚያው ቀረ። መጀመሪያ ወንበሩን በስክሪን እዩት፣ ቀኑን ያዙ፣ ከዚያ በዚያው ሰዓት አዛውሩ። ከወንበሩ በፊት እንዳታዛውሩ፣ በእናታችሁ ይዣችኋለሁ። ወንበር የሚከፈተው ወደ 11 ወር ገደማ ቀድሞ ነው፣ ስለዚህ ፍለጋውን ቶሎ ጀምሩ።

ሂርማታ፦
እኔ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ይህ ነጥብ ከሰማይ አይወርድም። አሜሪካ ያሉት ሱቆች ካርድ በተፋተገ ቁጥር ከሽያጩ ወደ 2 በመቶ ይከፍላሉ፣ ያንን ዕቃው ላይ ይጨምሩታል። በካሽ የሚገዛው ድሃም አብሮ ይከፍላል ማለት ነው። የአንዷ ሽማግሌ የቢዝነስ ወንበር ከሌላዋ ሽማግሌ የዳቦ ዋጋ ላይ እየተወሰደ አይመስላችሁም?

የፈረንጅ አራዳዋ፦
ሂርማታ፣ ልክ ነህ፣ አስቤው አላውቅም ነበር። ግን ወንድሜ ካርዱን ባያወጣም ዳቦው በዚያው ዋጋ ነው የሚሸጠው። እናቴን በዚህ ምክንያት ኢኮኖሚ ላይ ላስቀምጣት አልችልም።

የቡና ነጋዴ፣ መርካቶ፦
አሁንም አልተረታሁም። የሚዛወረው የባንክ ነጥብ ጥቅሙ ሌላ አየር መንገድ መምረጥ ነው ካላችሁ፣ ምን ልትመርጡላት ነው? በፍራንክፈርት? በኢስታንቡል? እናት ኦሮምኛና አማርኛ እንጂ ሌላ አትናገር። ጉልበቷን እያመማት በዚያ ሰፊ ኤርፖርት በር ፍለጋ ልትንከራተት ነው። የሚሆናት ቀጥታው የኢትዮጵያ በረራ ብቻ ነው፣ ያ ከሆነ ደግሞ ሼባማይልስ ምን አነሰው?

የጅማ ልጅ፣ ቨርጂኒያ፦
ጋሼ፣ ቀጥታው ይሻላታል፣ እዚህ ላይ ተስማምተናል። ግን ሼባማይልስን ከዜሮ በመብረር ለመሙላት ስንት ጊዜ መብረር አለበት? የካርዱን ሒሳብ ያስቡት። በዶላር ሁለት ነጥብ የሚሰጥ ካርድ አለ፣ ዓመታዊ ክፍያው 95 ዶላር ነው። ለአስቤዛ፣ ለነዳጅ፣ ለስልክ በወር 1,500 ዶላር ቢያወጣ በዓመት 36,000 ነጥብ ይሆናል። አዲስ ካርድ ሲወጣ በመጀመሪያ ወራት የተወሰነ ዶላር ለተጠቀመ ሰው የሚሰጥ ጉርሻ አለ፣ ብዙ ጊዜ 60,000 ወይም ከዚያ በላይ። ሲደመር 96,000 ነው። የአንድ መንገድ ቢዝነስ ከ80,000 በላይ ሊጠይቅ ይችላል፣ ስለዚህ በአንድ ዓመት ቢያንስ መሄጃዋ ይሞላል። ትርፍ ወጪ ሳያወጣ፣ ሊገዛ ያለውን ነገር ገዝቶ። በመብረር ይህን የሚያገኝ ነጋዴ ነው፣ ተቀጣሪ ሠራተኛ አይደለም።

የቡና ነጋዴ፣ መርካቶ፦
ጉርሻውን አላውቅም ነበር። መሄጃዋን በእሱ ይሁን እሺ። ግን ልጇ ራሱ አገር ቤት ሲመላለስ የሚበረውን ሼባማይልስ ላይ ያስመዝግብ፣ ብዙ ሰው ቁጥሩን ሳያስገባ ማይሉ ይቀራል። ቦርዲንግ ፓሱንም አይጣል፣ ያልተመዘገበ በረራ የሚጠየቀው በእሱ ነው። መመለሻዋን ኢኮኖሚ ገዝተው በዚያ ማይል ያሳድጉላታል።

ትኬት ቆራጭ፣ አጂፕ፦
ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ከጅማ አዲስ አበባ ያለውንም በዚያው በአንድ ትኬት ለማስገባት ሞክሩ። ለየብቻ ከተቆረጠ የጅማው በረራ ዘግይቶ ትልቁ ካመለጣት ኪሳራው የእናንተ ነው። አንድ ትኬት ከሆነ አየር መንገዱ በቀጣዩ ይወስዳታል፣ ሻንጣዋም ከጅማ ወጥቶ ዋሽንግተን ነው የምታገኘው። ዊልቼርም ስትቆርጡ አብራችሁ ጠይቁ፣ ኤርፖርት ደርሳችሁ አይደለም። መቼ ነው የምትሄደው?

የፈረንጅ አራዳዋ፦
መስከረም ላይ፣ ከመስቀል በኋላ። አሁን ወንድሜ ጋ ደውዬ ነበር። መምህር፣ የፈራኸው ነገር አለ፤ የቆየ ካርዱ ላይ ያልተከፈለ ዕዳ አለበት። መጀመሪያ እሱን ይዝጋ ብዬዋለሁ፣ እስከ ጥር እጨርሳለሁ ብሏል። አዲሱን ካርድ ከዚያ በኋላ ያወጣል፣ ነጥቡም ወንበር እስኪገኝ ባንክ ይቆያል። ታላቅ እህቴ አሁንም አኩርፋለች፣ የሼባማይልሱን ነገር ስነግራት ግን ትንሽ ለዘብ አለች። ዛሬ ማታ የእማዬን ፓስፖርት አውጥቼ ስሟን ፊደል በፊደል እልክለታለሁ።