«እግር ጥሎኝ» ስንል ጣዩ ማን ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ናችሁ ወዳጆች። ባለፈው እሁድ ልጄ አያቷን በስልክ «ከአባባ ጋር እንዴት ተዋወቃችሁ?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴም እንደ ልማዷ «የተዋሰውን ጃንጥላ ለጎረቤታችን ሊመልስ መጥቶ፣ ሰው ቢያጣ የእኛን በር አንኳኳ። እንዲያው እግር ጥሎት ነው» አለቻት። ልጄ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ሜሪላንድ ነው። አማርኛዋ ደህና ነው፣ ግን ሁሉንም ቃል በቃል ነው የምትሰማው። «ውይ! ወደቀ እንዴ?» አትልም! እኔም «በአጋጣሚ ማለት ነው» ብዬ ተገላገልኩ። ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሁለቱ እውነት አንድ ናቸው?

መልስ፦
አይደሉም እህቴ። መሞከሪያው ቀላል ነው። «ቁልፌን በአጋጣሚ አልጋ ሥር አገኘሁት» ይባላል። «እግር ጥሎኝ ቁልፌን አገኘሁት» ብትይ ግን ሰው ዞር ብሎ ያይሻል። እግር የሚጥለው ሰውን ነው፣ የሚጥለውም ወደ ቦታ ወይም ወደ ሰው ነው። «እግር ጥሎህ ወደ ፒያሳ ብቅ ካልክ ደውልልኝ» እንደምንለው።

ደግሞ ሰዋስዉን ልብ በይ። ባለቤቱ እግር ነው፣ ሰውየው ተሳቢ ነው። «እግሬ ጥሎኝ» እንኳን አንልም፤ የማን እንደሆነ ያልተነገረ እግር መጥቶ አንስቶ ይጥለናል። «ገጠመኝ»ም ያው ነው። እኔ ነገሩን አልገጠምኩትም፣ እሱ ነው የገጠመኝ። ይህ ሙሉ ግሥ ከነተሳቢው ስም ሆኖ «አንድ ገጠመኝ ላጫውታችሁ» እስከማለት ደርሰናል። ከዚያው ሥር የወጡት ግጥም፣ ግጥሚያና ግጥምጥሞሽ ራሳቸውን የቻለ ወሬ ስለሚፈልጉ ልዝለላቸው።

«ጣለ»ን ግን ማለፍ አልችልም። አንዲት ፊደል ናት ዕድሉን የምትገለብጠው። «ደግ ሰው ጣለልኝ» ያለ ሰው ተርፏል። «ምን ዓይነቱን ሰው ነው የጣለብኝ!» ያለው ደግሞ ተቃጥሏል። ጣዩም የጣለውም ያው ነው፣ ልዩነቱ «ል» እና «ብ» ብቻ። ለዚህ ነው «በአጋጣሚ» የሚለው ቃል ለእኔ የዜና አንባቢ ቃል የሚሆንብኝ፤ ነገሩ ለበጎ ይሁን ለክፉ ምንም አይነግርሽም።

ሌላ መልስ፦
እግርን ካነሳችሁ «እግረ እርጥብ»ን አትርሱ። እኛ ሰፈር አዲስ ሙሽራ በገባች ማግስት ዝናብ ከጣለ ወይ ላም ከወለደች አለቀ፣ ዕድሜ ልኳን እግረ እርጥብ ናት። ምንም ሳታደርግ፣ በመምጣቷ ብቻ። (የደረቅ ወር ሙሽሮች ያሳዝኑኛል።)

ሌላ መልስ፦
ልጆች፣ እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሁሉ ቃል የምንመነዝርበት መዝገበ ቃላትም ከሰው ለሰው መገናኘት የመጣ ነው። ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1649 ሰነድ እንዲፈልግ ወደ ሮም ተላከ። እዚያ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለችው የሐበሾች ማረፊያ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። በ1652 አባ ጀርመን አገር ወዳለችው ወደ ጎታ ከተማ ተጠርተው ሄዱ፤ ሉዶልፍ እየጠየቀ፣ እሳቸው እየመለሱ ብዙ ነገር ተጻፈ። አባ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባሕር ላይ ሞቱ። ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስዉንና መዝገበ ቃላቱን ያሳተመው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ነው። ያኔ እግር ባይጥለው ምን ይኮን ነበር?

መልስ፦
ጋሼ፣ ታሪኩ ደስ ይላል፣ ግን ይፍቀዱልኝና ሉዶልፍን እግር አልጣለውም። ሰውየው ግእዝ ገና አገሩ ሳለ ከመጽሐፍ መማር ጀምሮ ነበር። ሮም የተላከው ለሌላ ጉዳይ ይሁን እንጂ ሐበሾቹን ፈልጎ ነው የሄደው። ይህ «እግረ መንገዱን» ነው። እግረ መንገድ ሐሳብ አለበት፦ ወደ አንድ ቦታ እየሄድክ ሌላም ጉዳይ ትፈጽማለህ፣ ለዚህም ነው «እግረ መንገዴን ዳቦ ገዛሁ» የሚባለው። በአባ ጎርጎርዮስ በኩል ካየነው ግን ገጠመኝ ነው። ማረፊያቸው ተቀምጠው ሳለ አንድ ጀርመን መጥቶ የግእዝ ነገር ያነሳባቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ኑሯቸው ሌላ ሆነ። አንዱ መገናኘት ለአንደኛው እግረ መንገድ፣ ለሌላው ገጠመኝ። ሁለቱንም «በአጋጣሚ» ብለን ብንጠቀልላቸው ይህ ልዩነት ይጠፋል።

ጋሼ፦
ተረታሁ፣ አንተ ልጅ። ግን አንድ ነገር አለ። በእኛ ጊዜ «እግር ጥሎኝ ነው» የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ አስቦበት የመጣ ነበር። ብድር ሊጠይቅ የመጣም፣ ሴት ልጅ ሊያይ የመጣም በሩ ላይ የሚላት ይህችኑ ነው።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ ይህን ካሉ በኋላ አላስቻለኝም፣ እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ ያ ጃንጥላ በመጨረሻ ለጎረቤት ተመለሰ?» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ሳቋን ለቀቀችው።

«ጃንጥላውማ የራሱ ነበር» አለችኝ።