ለቫሪኮስ ቬይን ሕክምና ሦስት ወር በስቶኪንግ መጠበቅ ግዴታ ይሁን?

ነርሷ ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩን እዚህ ያመጣሁት አብዛኞቻችን ቆመን የምንውል ሰዎች ስለሆንን ነው። ፓርኪንግ፣ ሬስቶራንት፣ ፀጉር ቤት፣ የአረጋውያን እንክብካቤ። ማታ እግሩ ከብዶት፣ ባቱ ላይ ሥሩ ተጠማዞ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው በየቤታችን አለ።

አሜሪካ ውስጥ ብዙ የጤና ኢንሹራንሶች ለቫሪኮስ ቬይን (እግር ላይ ላበጠና ለተጠማዘዘ ደም መልስ) ሕክምና ከመክፈላቸው በፊት ታማሚው መጀመሪያ የሕክምና ስቶኪንግ፣ ማለትም እግርን የሚጫን ጠባብ ረጅም ካልሲ፣ እንዲያደርግ ይጠይቃሉ። ካልተሻለው ተመልሶ ያመለክታል። ጊዜው እንደ ኢንሹራንሱ ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ነው። የደሙን ፍሰት የሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ ችግሩን ቁልጭ አድርጎ ቢያሳይም መጠበቁ አይቀርም። እኔ ይህ ደንብ መነሳት አለበት ባይ ነኝ።

ምክንያቴን ላስረዳ። በእግራችን ደም መልሶች ውስጥ ቫልቮች አሉ። ስንራመድ የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ቫልቮቹ ደግሞ ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጋሉ። ቫልቩ ከላላ ደሙ ወደ ታች ይመለሳል፣ ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ሥሩ የሚያብጠው፣ ቆዳው የሚጠቁረው፣ ኋላም የሚቆስለው በዚህ ግፊት ነው። ስቶኪንግ ከውጭ እየጫነ እብጠትና ሕመም ያስታግሳል። የላላውን ቫልቭ ግን አይጠግንም። ሲወልቅ ደሙ መመለሱን ይቀጥላል። ታዲያ የሦስት ወሩ ሙከራ የሚሞክረው ምንድን ነው?

የአሜሪካ የደም ሥር ሐኪሞች ማኅበራት ራሳቸው በ2011 ባወጡት መመሪያ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው) የተበላሸውን ሥር በመዝጋት መታከም ለሚችል ሰው ስቶኪንግን ዋና ሕክምና አታድርጉ ብለዋል። ብዙ ኢንሹራንሶች ግን አሁንም ሙከራውን ይጠይቃሉ።

ክሌም ክፍል የምሠራው

እህቴ፣ ያልሽው የሕክምናውን አንድ ጎን ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ የማየው የክፍያ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ሌላውን ጎን ልንገርሽ።

ሥሩን የመዝጋቱ ሕክምና ዛሬ ሆስፒታል መተኛት አይጠይቅም። ክሊኒክ ውስጥ፣ አካባቢውን በማደንዘዝ ብቻ፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ያልቃል። ለታማሚው ትልቅ ነገር ነው። ግን ቀላል ስለሆነ ያለአግባብም ይሠራል። ክፍያው በየሥሩ ነው። ነፃ ምርመራ ብሎ ማስታወቂያ የሚያስነግር ክሊኒክ አለ። ምንም ያላመመው ሰው ገብቶ የአራት ሥር ቀጠሮ ይዞ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ምን ያቁመው?

ሌላም አለ። ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ከቁርጭምጭሚት እስከ ብሽሽት የሚሄደው ረጅሙ ደም መልስ ነው። የልብ ባይፓስ ቀዶ ሐኪሞች ተክተው የሚጠቀሙት ያንኑ ሥር ነው። አንዴ ከተዘጋ አይመለስም። ሦስት ወር ማሰብ ምን ይጎዳል? በስቶኪንግ፣ በእግር ጉዞና ክብደት በመቀነስ ተሽሏቸው የሚቀሩ ሰዎች አሉ።

የሎንዶኑ

ወንድሜ፣ እኛ ጋ መመሪያው ሌላ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ በ2013 ለይቶ አስቀምጦታል። ቫሪኮስ ቬይኑ ሕመም፣ ክብደት፣ እብጠት ወይም ማሳከክ ካስከተለበት ሰውየው ወደ ደም ሥር ሕክምና ክፍል ይላካል። ምርመራው ዱፕሌክስ አልትራሳውንድ ነው፤ የሥሩን ምስልና የዶፕለሩን ፍሰት አንድ ላይ ያሳያል። ሕክምናውም ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት መዝጋት፣ ያ ካልተስማማ የአረፋ መድኃኒት በመርፌ፣ ያም ካልሆነ ቀዶ ሕክምና። ስቶኪንግ የሚመጣው እነዚህ ሁሉ የማይሆኑለት ሰው ሲገኝ ነው። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ሥር መዝጋት ስለማይመከር ለነፍሰ ጡር ስቶኪንጉ ይጠቅማል።

መመሪያው ይህን ይበል እንጂ አፈጻጸሙ በየአካባቢው ይለያያል። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ ከሚገደቡት ሕክምናዎች አንዱ ይኼው ነው፤ «የቁንጅና ነው» ይባላል። የሚያናድደኝም ይህች አባባል ናት። ቆሞ መሥራት ያቃተው ሰው ጥያቄው የቁንጅና አይደለም።

የፓርኪንግ ሠራተኛ

እኔ የሕክምናውን ነገር አላውቅም። የማውቀው ሐምሌ ላይ በዲሲ ሙቀት ያንን ስቶኪንግ እስከ ጭን አጥልቆ ኬላ ውስጥ መቆም ምን እንደሆነ ነው። ጠዋት ለመልበሱ ራሱ ጉልበት ይጠይቃል። ወገቧን የሚያማት ባልደረባዬ ያለ ሰው እርዳታ አይገባላትም። ብዙዎች ለቀናት ያደርጉትና ይተዉታል፤ ከዚያ ፎርሙ ላይ «አድርጌያለሁ» ብለው ይሞላሉ። ደንቡ ሰው እያስዋሸ ነው።

ሐኪም ከጎንደር

ሰላም ወገኖች። እናንተ የምትከራከሩት ስለ ሲ-2 ነው፤ እኔ ጋ የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ሲ-6 ነው። ምን ማለት እንደሆነ ላብራራ።

በ1994 ሃዋይ ውስጥ ማዊ ደሴት ላይ የተሰበሰቡ ሐኪሞች ሲኢኤፒ የሚባል አመዳደብ አወጡ። በ2004 እና በ2020 ተሻሽሏል። አራት ነገር ይጠይቃል። በዓይን የሚታየው ምንድን ነው? መነሻው ምንድን ነው? የታመመው ለቆዳ ቅርብ የሆነው ሥር ነው፣ የውስጠኛው ነው ወይስ ሁለቱን የሚያገናኘው? ደሙ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው ወይስ መንገዱ ተዘግቷል? ሰው የሚያነሳው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሲ-1 የሸረሪት ድር የሚመስሉ ቀጫጭን ሥሮች ናቸው። ሲ-2 ቆሞ ሲለካ 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የወፈረ ሥር ነው። ሲ-3 እብጠት፣ ሲ-4 የቆዳ መጥቆርና መጠንከር፣ ሲ-5 የዳነ ቁስል፣ ሲ-6 ያልዳነ ቁስል።

ይህ አመዳደብ የሚታየውን ይገልጻል እንጂ ሕመሙን አይለካም። ሲ-2 ሆኖ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣ አለ፤ ሲ-3 ሆኖ ብዙም የማይቸገር አለ። ለክብደቱ ሌላ መለኪያ አለ። ሕመምን፣ እብጠትን፣ የቆዳ ለውጥን፣ ቁስልን ጨምሮ አሥር ነገሮችን ከ0 እስከ 3 እየመዘነ እስከ 30 ነጥብ ይደምራል። ኢንሹራንስ የሲ ቁጥርን ብቻ በር ጠባቂ ካደረገው መሣሪያውን ላልተሠራበት ሥራ እያዋለው ነው።

ወደ እኛ አገር ስመጣ፣ ቁስሉን በአንቲባዮቲክና በጎዝ ብቻ ዓመታት የገፋ ሰው አያለሁ። ደም መልሱን ያየለት የለም። በሌላ በኩል ደግሞ ያበጠ እግር ሁሉ የደም መልስ ችግር አይደለም። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ ፖዶኮኒዮሲስ (ከአፈር የሚመጣ የእግር እብጠት በሽታ) ሊሆንበት ይችላል፤ እሱ ከእግር ጣቶች አካባቢ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። የደም መልስ ቁስል ብዙውን ጊዜ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ በውስጠኛው ጎን ነው የሚወጣው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ስቶኪንግም ሆነ ጠበቅ ያለ ባንዴጅ ዝም ብሎ አይታዘዝም። ደም ቅዳው በጠበበበት ሰው ላይ፣ በተለይ ስኳር ያለበት ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ፣ እግሩን ሊጎዳው ይችላል። አስቀድሞ የቁርጭምጭሚቱ የደም ግፊት ከክንዱ ጋር ይነጻጸራል። ሳይመረምሩ ስቶኪንግ አጥልቁ የሚል ደንብ ይህን ከዘለለ አደገኛ ነው።

ክሌም ክፍል የምሠራው

ዶክተር፣ በጣም አመሰግናለሁ። ግን ቶሎ ማከም ይሻላል የሚለው ጠንካራ ማስረጃ የተገኘው ቁስል ባለባቸው ሰዎች ላይ አይደለም እንዴ? የ2018ቱን የእንግሊዝ ጥናት እንውሰድ። 450 ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም የደም መልስ ቁስል ያለባቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥሩ የተዘጋላቸው ቁስላቸው በመካከለኛ ግምት በ56 ቀን ዳነ፤ የዘገየባቸው በ82 ቀን። ይህ ግልጽ ነው። ቁስል ያለበትን ሰው ሦስት ወር ጠብቅ ማለት ስህተት መሆኑን እኔም እቀበላለሁ። ግን ከዚህ ተነስቶ ለሲ-2 ሁሉ ወዲያው ይከፈል ማለት አይቻልም።

ነርሷ ከሜሪላንድ

ልክ ነህ ወንድሜ፣ የቁስሉን ማስረጃ ለሲ-2 አላውለውም። ግን ጥያቄውን ገልብጠህ እየው። አስገድዶ ማስጠበቁስ ማስረጃ አለው? የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት ጥናቶቹን ሰብስቦ ሲመረምር፣ ስቶኪንግ ቁስል ለሌለው ቫሪኮስ ቬይን ብቸኛና የመጀመሪያ ሕክምና ሆኖ ይሠራል ለማለት በቂ ማስረጃ አላገኘም። ኢንሹራንሱ ከሐኪሙ የሚጠይቀውን ማስረጃ ለራሱ ደንብም ያቅርብ።

ስቶኪንግና ጭመቃ (እግርን ጠበቅ ባለ ባንዴጅ ማሰር) ይጣል እያልኩ አይደለም። ለቁስል መሠረቱ ጭመቃ ነው። በ2004 የወጣው የእንግሊዝ ጥናት ቀዶ ሕክምና ተጨመረም አልተጨመረም ቁስሉ በጭመቃ እኩል እንደሚድን አሳይቷል። ልዩነቱ የመጣው በኋላ ነው። በዓመቱ ቁስሉ የተመለሰባቸው በጭመቃ ብቻ ከታከሙት 28 በመቶ ሲሆኑ፣ ቀዶ ከተጨመረላቸው 12 በመቶ ናቸው።

ያለአግባብ የሚሠሩት ክሊኒኮች ጉዳይ እኔንም ያሳስበኛል። እነሱን ግን የቀን ቁጥር አያቆማቸውም። ሦስት ወር ጠብቀው ያንኑ አራት ሥር ይዘጋሉ። የሚያቆማቸው የምርመራው ጥራት ነው። የዶፕለር ምስሉ ይቅረብ፣ ደሙ የሚመለስበት ጊዜ ይጻፍ፣ የሕመሙ ነጥብ ይሞላ፤ ምንም ለማያመው ሰው አይከፈል። ይህ ከተሟላ ታማሚው የሚጠብቅበት ምክንያት የለም።

የፓርኪንግ ሠራተኛ

ዶክተር፣ እንግዲህ እኔ ክሊኒክ ስሄድ ምን ልጠይቅ? የማይገባ ነገር እንዳይሠሩብኝ።

ሐኪም ከጎንደር

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዶፕለሩ ቆመህ መሠራቱን አረጋግጥ። ተኝተህ ብቻ ከታየ የቫልቩ መላላት ሊያመልጥ ይችላል። ከዚያ «ደሙ ለስንት ሰከንድ ይመለሳል?» ብለህ ጠይቅ። ለቆዳ ቅርብ በሆነው በላይኛው ሥር ከግማሽ ሰከንድ በላይ ከሆነ ነው ችግር አለ የሚባለው። ሦስተኛ፣ የውስጠኛው ደም መልስ ክፍት መሆኑ መታየት አለበት። እሱ በቆየ የረጋ ደም ተዘግቶ ከሆነ የላይኛው ሥር ደም የሚመለስበት አማራጭ መንገድ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይጠና አይዘጋም። እነዚህን ሳይመልስ ቀጠሮ የሚሰጥህን ክሊኒክ ተወው፤ ሌላ ሐኪም ጋ ሂድ።

አንድ እግርህ ብቻ ድንገት ካበጠና ካመመህ ግን ቀጠሮም ኢንሹራንስም አትጠብቅ፤ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ግባ። ያበጠው ሥር ፈንድቶ ከደማም ተኛ፣ እግርህን ከፍ አድርግ፣ የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገህ ያዝና እርዳታ ጥራ።